ከኋላ ተገጭታችሁ ከሆነ ወንበሩን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ድሬዳዋ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቷል ደብዳቤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው ስለዚ ከረዘመ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጽፈው ስለ መኪና ወንበር ነው። ከኋላ የተገጨ መኪና ጋራዥ ገብቶ ፓራውልቱ ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ወንበር የሚያይለት ሰው የለም፣ ቢያይም በያጅ ይጠራና በግማሽ ቀን አስበይዶ ይመልሰዋል። እኔ ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ እና በድሬና በሀረር መሀል ስንት መኪና እንደዚ ተበይዶ እየተመላለሰ እንደሆነ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጥቅምት ላይ ሐሙስ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ወደ ሳቢያን እየሄድኩ ነበር። መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ አሮጌ ናት ግን በደንብ የያዝኳት ናት። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ፣ እኔም ቆምኩ፣ ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ግን አልቆመም። እውነቱን ለመናገር ድምፁን አላስታውሰውም፣ የማስታውሰው የመኪናዬን ጣራ ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ ወደ ላይ እያየሁ ነው፣ መሪው ከእጄ ወጥቷል፣ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም፣ መኪናዋ ራሷን ችላ ወደፊት እየሄደች ነው። ባጃጁ ባይነሳ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው።

ልጄ ሁሌ ከኔ ኋላ ነው የምትቀመጠው። የዛን ቀን የከሰዓቱ ፀሐይ በግራ መስኮት ሲያቃጥላት ወደ ቀኝ ተጠግታ በሷ ቦታ ቦርሳዋን አስቀምጣለች። የወንበሬ መደገፊያ የወደቀው ቦርሳው ላይ ነው። ማታ ቤት ገብተን ስንከፍተው የብረት ምሳ ዕቃዋ ክዳኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎድጉዷል፣ ማንኪያዋ ተቆልምሟል። እናቷ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች፣ ብዙ ሰዓት ምንም አላለችም። እኔ በማግስቱ ጠዋት አንገቴን ማዞር አቃተኝ። የአንገት ነገር ወዲያው ላይሰማ ይችላል፣ በነጋታው ወይ ከዛም በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ግጭቱ ቦታ ላይ "ደህና ነኝ ደህና ነኝ" ብላችሁ ለትራፊክ ፖሊስ አትፈርሙ፣ መጀመሪያ ሀኪም ይያችሁ።

ትራፊክ መጣ፣ ጥፋተኛው ታወቀ፣ በዛ በኩል ቅሬታ የለኝም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ስለሆነ የገጨኝም ሰው ወረቀቱ ነበረው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ጉዳት ገማቹ ሲመጣ ነው። ሰውየው በጨዋ ደንብ ነው ያነጋገረኝ፣ ፎቶ አነሳ፣ የኋላ ፓራውልት፣ የግራ የኋላ መብራት፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን፣ ቀለም ብሎ ጻፈ። "ወንበሩስ?" አልኩት። በመስኮት አጎንብሶ አየና "ወንበር እኮ ግጭቱ ያረፈበት ቦታ ላይ አይደለም፣ የተመታችሁት ኋላ ነው፣ ጋራዥ ያስተካክሉልሃል" አለኝ። ወረቀቱ ላይ አልገባም። ያን ጊዜ እኔም አልተከራከርኩም፣ አንገቴን ይዤ ቆሜ ስለነበር ቶሎ ተጨርሶ ቤቴ ብገባ ነው የፈለኩት።

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ የወንበሩ ነገር ተጨማሪ ስራ ሆነ። ልጁ ጎበዝ በያጅ ነው፣ በበርና በመስኮት ፍርግርግ ስራ የታወቀ ነው፣ ስሙን ለማጥፋት አይደለም የምጽፈው። "ቲቸር አታስብ አቦ፣ ከፋብሪካው በላይ ነው የማጠነክርልህ" አለኝ። 1,500 ብር ከፈልኩ። ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም፣ መደገፊያውን አቁሞ ማስተኛው ጋ፣ ማለት መደገፊያው የሚታጠፍበት ብረት ላይ፣ በየደው፣ ልብሱን መለሰበት፣ በቃ። ስቀመጥበት ጠንካራ ነው፣ እንደውም ከድሮው ይልቅ አይነቃነቅም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የፊዚክስ መምህር ሆኜ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሀረር እናቴን ልጠይቅ ከልጄ ጋር ሄድን። በሀረማያ በአወዳይ አድርገን በሰላም ገባን፣ ማታ ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ የጭነት መኪና ነበርና ፍሬን ስይዝ ወንበሩ ከነኔ ወደፊት ተንሸራተተ። አንድ ጣት ያህል ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቴ ወደ መሪው ቀረበ። ልጄ ከኋላ "አባዬ ወንበርህ ተራመደ" አለችኝ። ቃሉ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ደንገጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንዱ ጎን ገደል ነው፣ ሹፌር እዛ ላይ ቦታው ሲከዳው ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አይጠበቅብኝም። ጥግ ይዤ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ወረድኩ፣ ድሬ መብራቷ ሲታየኝ ነው የተነፈስኩት።

በነጋታው መጋላ በኩል ወዳለ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ታክሲው ሁሉ ፔጆ 404 ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በዚህ ሙያ የኖሩ ናቸው። "እስቲ ልብሱን አውልቅ" አሉኝ። ስፖንጁን ካነሳን በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። መደገፊያውን የምናስተኛበትና የምናነሳበት ቦታ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ባለ ጥርስ ብረት አለ፣ ከዛ ሦስት ጥርስ ረግፏል፣ በያጁ የቀሩትን ጥርሶች ከነመያዣው አንድ ላይ አቅልጦ አጣብቋቸዋል፣ የብየዳው ፍሳሽ እንደ ሻማ ወርዶ ደርቋል። ጋሼ በጥፍራቸው ቀለሙን ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። አዲስ ናት፣ ውስጧ ገና አልዛገም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የሄድኩበት እኮ።

ከዛ ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ የምንገፋበትን ሀዲድ አሳዩኝ። ሀዲድ ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱም ላይ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ የሚቆልፍ ምላስ አለ። የቀኙ ሀዲድ በግጭቱ ተጣሞ ምላሱ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል እንጂ አይገባም። በአንድ ጎን ብቻ ተቆልፌ ነው ደንገጎን የወረድኩት። በያጁ ይሄን ጭራሽ አላየውም፣ ምክንያቱም የተነገረው "መደገፊያው ወድቋል" ተብሎ ነው፣ እኔም ያልኩት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ፣ ክፍል ውስጥም ለተማሪዎቼ ሰርቼላቸዋለሁ። የቆመ መኪና ከኋላ ተገጭቶ ድንገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያገኝ ይሄ በሰከንድ 5.6 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ የሚሆነው በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ ነው ብንል አክስለሬሽኑ፣ ማለት የፍጥነቱ ጭማሪ፣ በሰከንድ በሰከንድ 56 ሜትር ይመጣል፣ ከመሬት ስበት ወደ 6 እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ 50 ኪሎ ያህል ነው እንበል። 50 በ56 ሲባዛ 2,800 ኒውተን፣ በኛ አነጋገር 3 ኩንታል የሚጠጋ ጭነት ባንዴ መደገፊያው ላይ ይወረወራል። ከማጠፊያው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው ብለን ብንወስድ እዛች ጥርስ ያለባት ብረት ላይ 840 ኒውተን ሜትር የማጠፍ ጉልበት ይደርሳል። ሦስት ኩንታል ጤፍ በሰው ጀርባ በኩል የሚወረወርባት ብረት ናት እንግዲህ በ1,500 ብር የተበየደችው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ኤፍ ኤም ቪ ኤስ ኤስ 207 የሚባለው የአሜሪካኖቹ የወንበር ደንብ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፣ መደገፊያው እንዲችል የሚጠይቀው 373 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። አውሮፓ የሚሰራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 17 ደግሞ 530 ይጠይቃል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከዚህ በላይ አጠንክረው ነው የሚሰሩት፣ ያም ሆኖ ሞቅ ባለ ግጭት ደህናው ወንበር ራሱ ይጎብጣል። የተሰነጠቀ ብየዳ ምን ያህል እንደሚችል ደግሞ በያጁም እኔም የጉዳት ገማቹም ልንናገር አንችልም፣ ለክቶ የሚያውቅ የለም።

ከፊት ስንጋጭ የሚይዘን ቀበቶ ነው። ከኋላ ስንገጭ ግን ሰውነታችን ወደ መደገፊያው ነው የሚሄደው፣ ያን ጊዜ ቀበቶው ብዙ አይረዳም፣ በዋናነት የሚይዘን ወንበሩ ነው። መደገፊያው ከወደቀ ሰው በቀበቶው ስር ተንሸራቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሊወጣ ይችላል፣ ጭንቅላቱም ኋላ ካለው ሰው ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ኋላ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። የኛ ቤት ምሳ ዕቃ ነው የተጨፈለቀው፣ አልሀምዱሊላህ ይላሉ ጎረቤቶቼ፣ እኔም ተመስገን እላለሁ።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ መኪና የቀበቶው መቆለፊያ፣ ያቺ ቀይ ቁልፍ ያላት፣ የታሰረችው ወለሉ ላይ ሳይሆን የወንበሩ ብረት ላይ ነው። ስለዚ ወንበሩ ሀዲዱ ላይ ካልተቆለፈ ቀበቶውም አልታሰረም ማለት ነው። ቀበቶ ስላላሰርን ትራፊክ ይቀጣናል ተገቢ ነው፣ ግን ቀበቶው ከምን ጋር እንደታሰረ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ጋሼን "ብየዳ ሁሉ መጥፎ ነው እንዴ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ ማጭድ ስለቱ ከየት ይመጣል?" አሉኝ። ቀጥቃጩ አግሎ ውሃ ሲያጠጣው ነው አልኳቸው። "ያንን ማጭድ መልሰህ ምድጃ ውስጥ ጣለውና በነጋታው እጨድበት እስቲ" አሉኝ። ነገሩ ይሄው ነው። የወንበር ብረት ቀጭን ነው፣ ቀጭን ሆኖ የሚችለው ፋብሪካ ውስጥ በልዩ መንገድ ስለተሰራ ነው፣ የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬው አንዱ ጋ ይለሰልሳል አንዱ ጋ ደግሞ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ለበር ለፍርግርግ ችግር የለውም፣ በሩ ላይ 3 ኩንታል የሚወረውር የለም። ለዚህ ነው የብዙ መኪና ፋብሪካ የጥገና መመሪያ የተጎዳ የወንበር አጥንት ይቀየር እንጂ ይቃና ወይ ይበየድ የማይለው። ቮልቮ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ወንበር ላይ ማጠፊያው ሆን ተብሎ ከኋላ ሲገጭ ቀስ ብሎ እንዲሸሽና የሰውየውን አንገት እንዲያድን ነው የተሰራው፣ ከዛ ግጭት በኋላ ደግሞ ምንም ያልሆነ ቢመስልም ወርክሾፕ ገብቶ መታየት አለበት ይላል መመሪያቸው። አያችሁ፣ ወንበር እንደ ሳሙና ነው፣ ስራውን የሚሰራው እያለቀ ነው። አንዴ የሰውን ክብደት ይዞ ከተጣመመ ያንን አቅሙን ጨርሷል።

አንድ አደገኛ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ በተለይ ለበያጆቻችን። አሁን የሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ወንበራቸው ጎን ውስጥ ኤርባግ አለባቸው፣ የወንበሩ ጎን ላይ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ የሚል ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ፣ ከወንበሩ ስር ደግሞ ቢጫ ሶኬት አለ። ያ ኤርባግ ፈንጂ ነው፣ በያጅ ፊቱን አስጠግቶ በኤሌክትሪክ የሚበይደው ከሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ወንበር ከመፈታቱ በፊት ባትሪው መነቀል አለበት፣ ከተነቀለም በኋላ ወዲያው አይነካም፣ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ። በኔ መኪና ባትሪው አልተነቀለም ነበር። የኔ ወንበር ኤርባግ የሌለው መሆኑ ለበያጁም ዕድል ነው። በነገራችን ላይ ኤርባግ ያለበት ወንበር ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን ወፍራም የወንበር ልብስ የምታለብሱ ሰዎች ኤርባጉን መውጫ እየዘጋችሁበት ነው፣ ጎኑ ክፍት የሆነውን ግዙ።

ታዲያ ትክክለኛው ጥገና ምንድነው ላላችሁ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሙሉ ወንበር ነው የገዛሁት፣ ከነሀዲዱ ከነመቆለፊያው። አዲስ ኦሪጅናል አልተገኘም ቢገኝም አቅሜ አይደለም፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ አለ ተባለና የወንድሜ ልጅ ሄዶ ፎቶ እያነሳ ላከልኝ። እዚህ ላይ ጋሼ ባይኖሩ ተሸውጄ ነበር። የመጀመሪያው ወንበር ልብሱ አዲስ ይመስላል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ጋሼ ፎቶውን አጉልተው አዩና "ይሄ ከቀኝ መሪ የወጣ ነው" አሉኝ፣ የቀበቶው መቆለፊያና ማስተኛው እጀታ በተቃራኒ ጎን ነው ያሉት። ሁለተኛው ልኩ ነው ግን ከታች ሲነሳ ሀዲዱ ላይ ቀለሙ ተሸብሽቦ ተሰነጣጥቋል፣ ቀለም የሚሸበሸበው ከስሩ ያለው ብረት ሲታጠፍ ነው፣ ማለት እሱም ከተገጨ መኪና የወጣ ነው። በሽተኛ ቀይሬ በሽተኛ ልገዛ ነበር። ሦስተኛው ከፊት ተገጭቶ ሞተሩ ካለቀ መኪና የወጣ የተሳፋሪ ወንበር ነበር፣ እሱም ጎኑ አይሆንም፣ አራተኛውን ወሰድነው። ከነማጓጓዣው 22,000 ብር አካባቢ ወጣብኝ።

ጋሼ ሲገጥሙት ቁጭ ብዬ አየሁ። አሮጌው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ያዩት ወለሉን ነው፣ ምንጣፉን ገልጠው በባትሪ መብራት ቡሎኖቹ የሚገቡበትን ላሜራ ዙሪያውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ተሰንጥቆ ወይ ወደ ላይ ተስቦ ከሆነ ወንበር መቀየር ብቻ ዋጋ የለውም አሉኝ። ደህና ነበር። አሮጌዎቹን ቡሎኖች ጣሏቸው፣ አንዱ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ነበር፣ ተስቦ ማለት ነው። አዲሶቹን በእጅ ሁሉንም አስጀምረው ከዛ በቶርክ ሬንች በልኩ በሰያፍ በሰያፍ አጠበቁ፣ በብረት ቱቦ ቁልፍ አስረዝሞ መጫን እዚያ ጋራዥ አላየሁም። ከዛ ወንበሩን እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ አስቁመው ሳብ ገፋ እያደረጉ የሁለቱንም ጎን ቀጭታ አዳመጡ። ሁለት ቀጭ ካልሰማህ አትውሰደው አሉኝ። ቀበቶውንም እስከመጨረሻው ስበው ጨርቁን አዩት፣ የተለበለበ ወይ የተቃጠለ የሚመስል መስመር ካለ ግጭት ላይ ሰውን ይዟል ማለት ነውና ይቀየራል።

የራስ ትራሱን ነገር ደግሞ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። እኛ ሀገር ወይ ዝቅ አድርገን እንረሳዋለን ወይ ነቅለን ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ እንጥለዋለን፣ ከኋላ ያለው ሰው እንዲያይ እያልን። ጫፉ ከጭንቅላታችን ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ከጭንቅላታችን ያለው ርቀት ደግሞ ከአራት ጣት ባይበልጥ ነው የሚመረጠው። ዝቅ ካለ አንገት በላዩ ላይ ነው የሚሰበረው፣ ከሌለው ይብሳል። ሚኒባሶቻችን ላይ የራስ ትራስ ያለው መቀመጫ ቁጠሩ እስቲ አንድ ቀን። ወለል ላይ በብየዳ የተጨመረው አግዳሚ መቀመጫ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ ስለሚፈልግ አልገባበትም።

ከኋላ ተገጭታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ማታ መኪናችሁ ጋ ሄዳችሁ ሁለቱን የፊት ወንበሮች ጎን ለጎን እዩዋቸው። በተመሳሳይ ቦታ አድርጋችሁ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ አንዱ ወደ ጎን ያጋደለ ከሆነ አጥንቱ ተጣሟል። መደገፊያውን ከላይ በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳብ ገፋ አድርጉ፣ ትንሽ መነቃነቅ ይኖራል ግን አንዱ ጎን ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከተነቃነቀ አንዱ ማጠፊያ ሄዷል። ተቀምጣችሁ እጀታውን ሳትነኩ በእግራችሁ ወለሉን ገፍታችሁ ወንበሩን ለማንሸራተት ሞክሩ፣ ከተራመደ መንገድ አትውጡበት። ምንም ዕቃ አይፈልግም፣ እኔ ይሄን ባደርግ ኖሮ ልጄን ይዤ ደንገጎን አልወርድም ነበር።

ገንዘብ የለንም የሚለውን አውቀዋለሁ፣ የመምህር ደሞዝ ነው የምኖርበት። ግን ለፓራውልቱና ለቀለሙ ስንት እንደተከፈለ ሰነዱ እጄ ላይ አለ፣ ከወንበሩ ይበልጣል። ፓራውልቱ ባይቀባ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። መድን ድርጅቱ የሚታየውን ጉዳት ከፍሎ የማይታየውን ለኔ የተወው ገማቹ የሚሞላው ቅፅ ላይ ስለ ወንበር የሚጠይቅ መስመር ስለሌለ ይመስለኛል። ስለዚ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መድን ድርጅቶች ከኋላ ግጭት ሲገምቱ ሰው ተቀምጦበት የነበረ ወንበር ሁሉ፣ ማጠፊያው፣ ሀዲዱ፣ ቀበቶው፣ እንዲታይ ቅፁ ላይ ይጻፉት፣ የተጎዳው ካለም ዋጋው መቀየሪያ ሆኖ ይገመት እንጂ "ማስተካከያ" ተብሎ አይታለፍ። ሁለተኛው ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉት ክፍሎች ነው፣ ፍሬንና መብራት ታያላችሁ ጥሩ ነው፣ የሹፌሩን ወንበር በእጅ ሳብ ገፋ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማስተኛው ላይ ብየዳ የተገኘበት መኪና እስኪቀይር ቦሎ ባይሰጠው እላለሁ። በያጆቻችን ላይ ቅጣት አልጠይቅም። ልጁ ጋ ተመልሼ ሄጄ ስንጥቋን አሳይቼዋለሁ፣ ዝም ብሎ ብዙ አያት፣ ከዛ "ቲቸር ሌላም ሁለት ሰው ሰርቻለሁ እኮ" አለኝ። አንዱን ስልክ አግኝቶ ጠርቶታል፣ ሁለተኛው የባጃጅ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ቪትዝ ነው የሚነዳው፣ እስካሁን እየፈለግነው ነው። ይሄን ካነበብክ ወንድሜ ወንበርህን ሳታሳይ ወደ ሀረር አትውጣ።

የተበየደው አጥንት አልተጣለም፣ ልብሱ ተገፎ በረንዳዬ ላይ አለ፣ ስንጥቋም በኖራ ተከባለች። አውቶ መካኒክ የሚያስተምሩ መምህራንም ጋራዥ ያላችሁም የመድን ገማቾችም ማየት ከፈለጋችሁ ከሰዓት ከአስር ሰዓት በኋላ ቤት አለሁ፣ ስልኬን ዝግጅት ክፍሉ ጋ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ድሬዳዋ